እጅ የለመደው ቁልፍ
(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ ሙያዬ አጠር አድርጌ እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ ስለ አንድ የጠፋ ቃለ ጉባኤ ላውራላችሁ ብዬ ወሰንኩ። ታሪኩ የክፍላችን ነው፤ ጥፋቱ ግን የእኔ።

በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ረዳት መምህር ሳለሁ፣ የቢሮ ኮምፒውተሮችን ወደ ሊኑክስ ያዞርኩት እኔ ነበርኩ። በጸሐፊያችን ኮምፒውተር ላይ ኬዲኢ የተባለውን ዴስክቶፕ ጫንኩ፤ በጎረቤት ጠረጴዛ ባለው ላይ ደግሞ ግኖምን። ሁለቱም ነጻ ሶፍትዌር፣ ሁለቱም ጥሩ። ጸሐፊያችን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ በራሳቸው ኬዲኢ ይጽፋሉ። አማርኛ ሲሆን ግን ተነሥተው ወደ ግኖሙ ይሄዳሉ። ግኖም የተሠራበት ጂቲኬ የአማርኛ መጻፊያ አብሮት ይመጣ ነበር፤ ኬዲኢ የቆመበት ኪውት ግን አልነበረውም።

አንድ ቀን ረጅም ቃለ ጉባኤ በአማርኛ ጽፈው ጨረሱና መስኮቱን ሊዘጉ ሲሉ የተለመደው ጥያቄ መጣ። በኬዲኢ ቁልፎቹ ከግራ ወደ ቀኝ ሲነበቡ፦ አስቀምጥ፣ አታስቀምጥ፣ ተወው። በግኖም ደግሞ፦ ሳታስቀምጥ ዝጋ፣ ተወው፣ አስቀምጥ። እጃቸው እንደለመደው ወደ ግራው ሄደ። ቃለ ጉባኤው በዚያው ቀረ።

እኔም፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ፣ "ማንበብ ነበረብዎ እኮ" አልኳቸው። "ልጄ፣ እስከ ትናንት ግራው 'አስቀምጥ' ነበር፤ ዛሬ መቀየሩን ማን ነገረኝ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቃለ ጉባኤውን ከማስታወሻቸው እንደገና ሲጽፉት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እጃቸውን ስመለከት ዋልኩ። ተጠቃሚን ቁጭ ብዬ ያየሁት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1996 በጀርመን የቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ማቲያስ ኤትሪሽ ኬዲኢን ሲጀምር ቅሬታው ፕሮግራሞች እርስ በርስ አይመሳሰሉም የሚል ነበር። በዓመቱ ሚጌል ዴ ኢካዛና ፌዴሪኮ ሜና ግኖምን ጀመሩ፤ ምክንያታቸው የኪውት ፈቃድ በወቅቱ ነጻ አለመሆኑ ነው። እንግዲህ መመሳሰልን የፈለገ ሥራ በፈቃድ ጥያቄ ሁለት ቤት ሆነ ማለት ነው። ግኖም በ2002 የራሱን የገጽታ መመሪያ አወጣ፤ ኬዲኢም የራሱ ነበረው። አንዱ ዋናው ቁልፍ በቀኝ ዳር ይሁን አለ፤ ሌላው የዊንዶውስ ሰው የሚያውቀውን ቅደም ተከተል ያዘ። ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ጉዳቱ የሚደርሰው በሁለቱ መካከል በሚመላለሰው ሰው ላይ ነው።

ታዲያ የጋራ መመሪያ አልተሞከረም? ተሞክሯል፤ የተሳካውም ያልተሳካውም ትምህርት አለው። በ2000 ሃቮክ ፔኒንግተን ፍሪዴስክቶፕ የተባለውን የመስማሚያ መድረክ መሠረተ። እዚያ የጸኑት ስምምነቶች ትንንሾቹ ናቸው፦ ፕሮግራም በሜኑ ውስጥ እንዴት እንደሚመዘገብ፣ የምስል ምልክቶች በምን ስም እንደሚጠሩ፣ የተጣለ ፋይል የት እንደሚቀመጥ። ዛሬ በአንዱ ዴስክቶፕ ቆሻሻ መጣያ የጣላችሁትን በሌላው ገብታችሁ ማንሣት የምትችሉት በዚህ ነው። በቁልፎቹ ቅደም ተከተል ግን አልተስማሙም። ይሁን እንጂ በ2006 የወጣው ኪውት 4.2 ብልሃት አመጣ፤ ፕሮግራሙ ያለበትን ዴስክቶፕ አይቶ ቁልፎቹን እንደ ቤቱ ልማድ ይደረድራል። የአማርኛ መጻፊያውም እንደ አይባስ ባሉ ሥርዓቶች ከጂቲኬ ወጥቶ ለሁለቱም ቤት የሚያገለግል ሆነ። ሁለቱ ማኅበረሰቦችም በ2009 በግራን ካናሪያ፣ በ2011 በበርሊን ዓመታዊ ጉባኤያቸውን አብረው አካሄዱ።

እኔ ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። የጋራ መመሪያ ማለት ሁሉም አንድ ይምሰል ማለት አይደለም። ሰው በአንድ ቤት የለመደው ነገር በሌላው ቤት እንዳይጎዳው መጠበቅ ነው። መኪና ስትቀይሩ ቀለሙም ወንበሩም ይለወጣል፤ ፍሬኑ ግን ቦታውን አይለቅም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። የመጀመሪያ ትርጉሞቼን ስሠራ "ካንስል"ንም "ዲሊት"ንም "ሰርዝ" ብዬ ነበር። አስቡት፤ ፋይል ይጥፋ ወይ ተብለው የተጠየቁት ጸሐፊያችን ሊተዉት ፈልገው "ሰርዝ"ን ቢጫኑስ? ያኛው ጥፋት የቁልፍ ቦታ ነበር፤ ይኼኛው የቃል ነው። ይህን ደግሞ በርሊን ተሰብስቦ የሚያስተካክልልን የለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። መምህራን ሆይ፣ ከመመረቂያ ሥራዎች ጥቂቶቹ አዲስ ፕሮግራም መጻፍ ቀርቶ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አጠገብ ቁጭ ብሎ እጃቸውን ማየት ይሁኑ። እናንተ የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ፣ በያላችሁበት የምትሠሩት ሁሉ፣ በሃምሳ ቃል እንስማማ፤ አስቀምጥ፣ ተወው፣ አጥፋ እያልን ከዚያ እንጀምር። ሃምሳ ቃል ብዙ አይደለም። ሥራው ሲያልቅ ግን ለጸሐፊያችን ያጣሁትን መልስ አገኝለታለሁ።