የፋብሪካው ቺፕና የገበያው ቺፕ፦ የፖርሽ 911 ካሬራ 3.2 ሞተር በየትኛው ይመራ?



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ መኪናና በውስጡ ስላለች ከአውራ ጣት ስለማትበልጥ ቁራጭ ነው። መኪናው እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1989 ባሉት ሞዴሎች የወጣው የጀርመኑ ፖርሽ 911 ካሬራ 3.2 ነው። ቁራጯ ደግሞ የሞተሩን ቤንዚንና የካንዴላውን እሳት የምታዘው ቺፕ ናት። ፋብሪካው ያስቀመጠው ቺፕ ይቆይ ወይስ ገበያ ላይ የሚሸጠው ይግባ? የመኪናው ባለቤቶች በዚህ ጥያቄ ዓመታት ተከራክረዋል። መልስ አለው ብዬ አምናለሁ፤ መልሱ ግን ለሁሉም ካሬራ አንድ ዓይነት አይደለም።

ከዚህ ሞዴል በፊት የነበረው 911 ኤስሲ ቤንዚኑን የሚመጥነው በሜካኒካል መሣሪያ ነበር። ካሬራ 3.2 ቦሽ የሠራውን ሞትሮኒክ ይዞ ሲመጣ፣ የነዳጁ ልክና የእሳቱ ሰዓት በአንድ ኮምፒውተር ሥር ዋሉ። ኮምፒውተሩ የተቀመጠው ከሹፌሩ ወንበር ሥር ነው። ወንበሩ ተነሥቶ፣ ሰፊው ሶኬት ተነቅሎ፣ የብረት ክዳኑ ሲከፈት ቺፑ በመቀመጫው ላይ ይታያል። ጀርባው ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል። ከወረቀቱ ሥር ትንሽ የመስታወት መስኮት አለች፤ በእሷ በኩል አልትራቫዮሌት ብርሃን ከገባ በቺፑ ላይ የተጻፈው ይጠፋል። ስለዚህ ያንን ወረቀት መላጥ አይገባም። እስከ 1986 ባሉት ሞዴሎች ቺፑ 24 እግር አለው፤ ከ1987 ጀምሮ 28። አርባ ዓመት ባስቆጠረ መኪና ላይ ኮምፒውተሩ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ክዳኑን ከፍቶ እግሮቹን መቁጠር ይሻላል። ቺፑ ጫፍ ላይ ያለችው ጎድጎድ ያለች ምልክትም በትክክለኛው አቅጣጫ መግባት አለባት፤ ተገልብጦ የገባ ቺፕ ቁልፉ ሲዞር ይቃጠላል።

ቺፑ የያዘው በጥቂት ኪሎባይት የተጻፈ ፕሮግራምና የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። በሰንጠረዡ አንድ ወገን የሞተሩ ዙር፣ በሌላው ወገን ሞተሩ የተሸከመው ጭነት ተደርድሯል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቁጥር ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ስንት ዲግሪ ቀደም ብሎ ካንዴላው እሳት እንደሚሰጥ፣ ኢንጀክተሩም ለስንት ሺኛ ሰከንድ ተከፍቶ እንደሚቆይ ይወስናል። የገበያ ቺፕ ሻጭ የሚሸጥልን እነዚህኑ ቁጥሮች ቀይሮ ነው። በሞተሩ ብረት ላይ የሚጨምረው ነገር የለም።

ታዲያ ቁጥር በመቀየር ጉልበት ከየት ይመጣል? ቤንዚን በአንድ ቅጽበት ነድዶ አያልቅም፤ ነበልባሉ ከካንዴላው ተነሥቶ ሲሊንደሩን እስኪያዳርስ ጊዜ ይፈጃል። እሳቱ በልኩ ከቀደመ፣ ከፍተኛው ግፊት ፒስተኑ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር ይደርስና ሙሉ ጉልበት ይገኛል። ከልክ ካለፈ ግን ገና ያልነደደው ቤንዚን በግፊትና በሙቀት ብዛት ራሱን ችሎ ይፈነዳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል። ማንኳኳቱ ከቀጠለ ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል። የዛሬ መኪኖች ይህን የሚሰማ ሴንሰር ስላላቸው እሳቱን ወዲያው ያዘገያሉ። ካሬራ 3.2 ይህ ሴንሰር የለውም፤ 911 ሴንሰሩን ያገኘው ካሬራን በተካው 964 በሚባለው ሞዴል ነው። ስለዚህ የፋብሪካው መሐንዲሶች ለሞቃት ቀን፣ ለመጥፎ ቤንዚን፣ ካርቦን ለተከማቸበት ሲሊንደር ሁሉ የሚበቃ መጠባበቂያ ሰንጠረዡ ውስጥ መተው ነበረባቸው። የገበያው ቺፕ ጉልበት የሚያገኘው በአመዛኙ ከዚህ መጠባበቂያ ቀንሶ ነው።

እዚህ ላይ መኪናው የተሸጠበት አገር ወሳኝ ይሆናል። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው ካሬራ ኮምፕረሽኑ 10.3 ለ1፣ ጉልበቱ 231 የፈረስ ጉልበት ነበር። ካታሊቲክ ኮንቨርተር ተገጥሞለት ወደ አሜሪካ የሄደው ግን ኮምፕረሽኑ 9.5 ለ1 ሆኖ፣ ማንኳኳትን የመቋቋም ልኩ 91 ኦክታን ለሆነ ተራ ቤንዚን ተስተካክሎ፣ በዲን መለኪያ 207 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። በ1987 ፖርሽ ራሱ ኮምፕረሽኑን ሳይነካ ሰንጠረዡን ለ95 ኦክታን አስተካክሎ ጉልበቱን ወደ 217 አደረሰው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ይህ ነው። በዚህ ሞተር ላይ የሰንጠረዥ ለውጥ ምን ያህል እንደሚያስገኝ ሞተሩን የሠራው ፋብሪካ አሳይቶናል፤ አሥር የፈረስ ጉልበት ገደማ። በቺፕ ብቻ ሠላሳ ወይም አርባ አስገኛለሁ የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ ማስረጃውን ጠይቁት።

ከዚሁ ጋር አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። የ1985 የአሜሪካ ካሬራ ያለው ሰው ውዱን ቤንዚን ሲሞላ ጉልበት የጨመረ ይመስለዋል። የፋብሪካው ቺፕ ግን የተቀዳው ቤንዚን ምን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ እሳቱን የሚሰጠው በዚያው ለተራ ቤንዚን በተጻፈው ሰዓት ነው። ውዱ ቤንዚን የሚጠቅመው እሱን የሚያስብ ሰንጠረዥ ሲኖር ነው። የአሜሪካ ማደያዎች የሚጽፉት የኦክታን ቁጥር በሁለት ዘዴዎች የተገኘ አማካይ ስለሆነ፣ የእነሱ 87 ከአውሮፓው 91 ጋር እንደሚቀራረብም መታወቅ አለበት።

የቤንዚኑ ነገር በዚህ አያበቃም። ዛሬ በብዙ አገር የሚቀዳው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ይዟል፤ እንዲህ ያለው ቤንዚን በደንብ እንዲነድ መጠኑ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። የኦክስጅን ሴንሰር ባለው ካሬራ ላይ፣ በቀስታ ሲነዳ ሴንሰሩ ጉድለቱን ያርማል። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ግን ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን ትቶ በሰንጠረዡ ብቻ ይሠራል። በጥንቃቄ የተጻፈ የገበያ ቺፕ እዚህ ላይ እውነተኛ ጥቅም አለው።

የማልቀበለው ለውጥ የዙር ገደብን ማንሣት ነው። ፋብሪካው ሞተሩን 6,500 ዙር አካባቢ ያቆመዋል። ከፍተኛው ጉልበት የሚገኘው በ5,900 ስለሆነ፣ ከገደቡ በላይ መሄድ ጩኸት እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። የዚህ ሞተር የቢየላ ብሎኖች ደግሞ 9 ሚሊሜትር ናቸው፤ በቀደመው ኤስሲ ላይ ከነበሩት ይቀጥናሉ። ከመጠን ያለፈ ዙር በእነዚህ ብሎኖች ላይ የሚያመጣውን ጣጣ ሞተሩን የሚፈቱ መካኒኮች ጠንቅቀው ያውቁታል።

ተርቦ ባላቸው መኪኖች ሒሳቡ ይለያል። እንደ ፖርሽ 944 ተርቦ ባለው መኪና ላይ ቺፕ የአየሩን ግፊት ጭምር ማስጨመር ስለሚችል ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ያ መኪና ማንኳኳትን የሚከታተል የራሱ ኮምፒውተርም አለው። የ944ን ወሬ ለካሬራ መጥቀስ ሰውን ያሳስታል።

ሁለቱን ቺፖች ማወዳደር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መኪናውን ጤነኛ ያድርግ። አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የደከመ የአየር መለኪያ፣ የቆሸሸ ኢንጀክተር በቺፕ አይድንም። ከዚያ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቤንዚን፣ የዘይቱ ሙቀት እኩል ሲሆን፣ በአንድ ማርሽ መኪናውን ዳይኖ በሚባለው የጉልበት መለኪያ ላይ ደጋግሞ ያስኪደው። የፋብሪካው ቺፕ፣ የገበያው ቺፕ፣ እንደገና የፋብሪካው። ይህ ሦስተኛው ዙር መዘለል የለበትም፤ የመጀመሪያው ውጤት ካልተደገመ በመካከል የታየው ልዩነት ከሙቀት የመጣ ሊሆን ይችላል። ከጉልበቱ መስመር ጎን የአየርና የቤንዚኑ ምጣኔም ይመዝገብ። የሹፌሩ ስሜትም ዋጋ አለው፤ ብዙ ቺፖች እሳቱን የሚያስቀድሙት በግማሽ ፔዳል ስለሆነ መኪናው ከተማ ውስጥ ፈጠን ይላል። ይህ ጥቅም ቢሆንም የፈረስ ጉልበት ብሎ መጥራት ግን ትክክል አይደለም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ከ1984 እስከ 1986 የተሠራ የአሜሪካ ካሬራ ያለውና ሁልጊዜ ውዱን ቤንዚን የሚሞላ ሰው፣ ሰንጠረዡ በግልጽ ከተጻፈለትና የዙር ገደቡ ካልተነካ የገበያውን ቺፕ ቢያስገባ ይጠቀማል። 10.3 ኮምፕረሽን ያለው የአውሮፓ ካሬራ ባለቤት ግን የፋብሪካውን ቺፕ ይዞ ይቆይ። ለምትቀይሩትም አደራ የምላችሁ፣ ከሻጩ ቺፑ ለስንት ኦክታን እንደተጻፈ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ የወጣውን ኦሪጅናል ቺፕም ስታቲክ በማያስገባ ከረጢት አሽጋችሁ ከመኪናው ሰነዶች ጋር አስቀምጡት።