የፖቶሲው አጎት

ዛሬ ወደ ቦሊቪያ፣ ወደ ፖቶሲ ከተማ እንወስዳችኋለን። ከከተማዋ ራስጌ ሴሮ ሪኮ፣ ሀብታሙ ተራራ፣ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1545 የብር ማዕድን ተገኘበት። ከ1570ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የስፔን ገዢዎች የአገሬውን ሰው በግዳጅ በተራ በተራ እያስገቡ አስቆፈሩት። ስንቱ ገብቶ ቀረ!

የዛሬዎቹ ቆፋሪዎች ክርስቲያኖች ናቸው፤ ከመሬት በላይ ፈጣሪ ነው የሚገዛው ይላሉ። ወደ ጉድጓዱ ከዘለቁ በኋላ ግን የማዕድኑ ባለቤት ሌላ ነው። ስሙ «ኤል ቲዮ» ነው፣ አጎት እንደማለት። ከጭቃ የተሠራ፣ ቀንዳም፣ አፉን ከፍቶ የተቀመጠ ምስል አለው። ሲጋራ ለኩሰው ከንፈሩ ላይ ይሰኩለታል፤ የኮካ ቅጠል ጉልበቱ ላይ ይበትናሉ፤ ከሚጠጡት አልኮል እግሩ ሥር ያፈሳሉ።

ስሙ ከየት መጣ? ስፔኖች አምላክን «ዲዮስ» ይላሉ። የአገሬው ሰው የሚናገረው የኬችዋ ቋንቋ «ደ» የሚል ድምፅ ስላልነበረው ቃሉ «ቲዮስ» ሆኖ ቀረ የሚሉ አሉ። እኔን ግን የሚነካኝ አጎት መባሉ ነው። የሚፈሩትን ዘመድ አደረጉት፤ ዘመድ ደግሞ ይለመናል፣ ይቆጣል፣ ይታረቃል።

ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። በዚያ ጨለማ ድንጋይ ይናዳል፣ መርዘኛ ጋዝ ይታፈናል፣ የድንጋዩ ብናኝ ሳንባ ይበላል። ስለዚህ ቆፋሪዎቹ ላማ የተባለውን የአንዲስ እንስሳ አርደው ደሙን በጉድጓዱ ደጃፍ ይረጫሉ፤ አጎት ይህን ከጠጣ የሰው ደም አይጠማውም ብለው።