ወንድምየው ያመጣው ጉንፋን
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሙያህ ተናገር፤ ግን አታርዝም» ብለውኛል። እንግዲህ ስለ ጉንፋን ልናገር ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም።

ተመርቄ መጀመሪያ የሠራሁት ስማዳ ውስጥ ነው። አንድ የክረምት ማታ አንዲት እናት የሁለት ወር ልጇን አዝላ ከቆላ ወጥታ መጣች። ሕፃኑ በደቂቃ ከሰባ ጊዜ በላይ ይተነፍሳል፤ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ኦክስጅን አልነበረንም። ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ መኪና ለምነን ስናሳፍራት እንዲህ አለችኝ፦ «ዶክተር፣ ይኸን ጉንፋን እኮ ወንድምየው ነው ከትምህርት ቤት ያመጣው። እሱ በሦስት ቀኑ ድኖ ይሮጣል፤ ይኸን ለይቶ ምን አረገብኝ?» መልስ አልነበረኝም። ሕፃኑ ይትረፍ አይትረፍ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያን ሕፃን የያዘው የትኛው ተሕዋስ እንደሆነ የመረመረ የለም። ነገር ግን ጨቅላን እንዲህ ከሚያደርጉት ዋነኛው አርኤስቪ የሚባለው ቫይረስ ነው። መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካ ውስጥ ጉንፋን ከያዛቸው ቺምፓንዚዎች ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ከታመሙ ሕፃናት ተገኘ። ሁለት ዓመት እስኪሞላው አንዴም ያልያዘው ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ለትልቅ ሰው ጉንፋን ነው፤ የሁለት ወር ልጅ የአየር ቧንቧ ግን ጠባብ ስለሆነ ጥቂት እብጠትና አክታ ይዘጋዋል። ለእናቲቱ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይኸው ነው። በ2019 በዓለም ላይ 100,000 ያህል ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን እንደገደለ ይገመታል፤ ከመቶው 97ቱ የሞቱት እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው። ግማሽ የሚጠጉት ስድስት ወር እንኳ አልሞላቸውም።

ታዲያ አንዴ ከያዘን በኋላ ለምን ይመለሳል? አንደኛ፣ ሰውነታችን ያገኘው መከላከያ ቶሎ ይደክማል። ሁለተኛ፣ ቫይረሱ ራሱ ይለወጣል። ይህን ለጋይንት ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። የድጓ ማስመስከሪያው ቤተልሔም እኛው ዘንድ አይደለም? ድጓ ሲገለበጥ ጸሐፊው ፊደል ይስታል፤ መምህሩ አይቶ ያርማል። አርኤስቪም 15,200 ያህል ፊደል ያለው መጽሐፍ ነው፤ ሲገለበጥ ግን የሚያርመው መምህር የለውም። ስሕተቱ እንዳለ ይወርዳል።

አንዳንዴማ ዓይኑ እንደደከመ ጸሐፊ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ይጽፋል። በ1999 ቦነስ አይረስ ላይ 60 ፊደል የተደገመበት ዘር ተገኘ፤ በ2010 ደግሞ ካናዳ ኦንታሪዮ ላይ 72 ፊደል የተደገመበት። የኋለኛው በ2012 እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ኪሊፊ ደርሶ ታየ። ሁለቱም በየወገናቸው ዓለምን አዳረሱ። ድግግሞሹ የወደቀው ቫይረሱ ሴል ላይ በሚጣበቅበት «ጂ» በተባለው ፕሮቲን ላይ ነው። የኪሊፊ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት ሲከታተሉ በብዙ ቤት ጉንፋኑን ለጨቅላው ያመጡት ትምህርት ቤት የሚሄዱ ታላላቆቹ ሆነው ተገኙ። እናቲቱ ያለ ላቦራቶሪ ያወቀችው ነገር ነው።

ደግነቱ፣ የመጽሐፉ ሁሉ ቦታ እንደልብ አይለወጥም። ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባበት «ኤፍ» የተባለው ፕሮቲን ብዙ ከተዛባ ቫይረሱ ራሱ አይሠራም። ሊቃውንቱ በ2013 ቅርጹን አጥርተው አዩት፤ በ2023 ለነፍሰ ጡር እናት የሚሰጥ፣ ይህንኑ ያነጣጠረ ክትባት ተፈቀደ። እናት የምታገኘውን መከላከያ ልጇ በማሕፀን ሳለ ይወርሳል፤ እነዚያን ክፉ ወራት ይሻገርበታል።

ክትባቱ ስማዳና እስቴ እስኪደርስ ምን እናድርግ? ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ እስትንፋስ መቁጠርን ለየቤታችን እናስተምር፤ ሁለት ወር ያልሞላው በደቂቃ 60፣ እስከ ዓመቱ 50፣ ከዚያ እስከ አምስት ዓመቱ 40 ከደረሰ፣ ወይም ደረቱ ከተሰረጎደ፣ አለዚያም መጥባት ካቃተው፣ እንጥል ቆራጭ ዘንድ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሁለተኛ፣ ማኅበራችን ዘንድሮ ከሚያዋጣው ላይ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ጤና ጣቢያዎች የኦክስጅን መለኪያና ኦክስጅን ማመንጫ ይግዛ። ላቦራቶሪ የገባችሁ ወጣቶች ደግሞ የልጆቻችንን ቫይረስ ፊደል ራሳችሁ አንብቡ፤ የትኛው ዘር እንደገባ ከሌላ አገር አንጠብቅ።

ያችን እናት ዛሬ ባገኛት ጥያቄዋን እመልስላት ነበር። ቀጥላ «ታዲያ ኦክስጅኑስ አሁን አለ?» ብትለኝ ግን መልሱ የእኔ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው።