ተረቱ በሥዕል ሲነበብ
መምህሯ «ተረት ተረት» ስትል ክፍሉ «የላም በረት!» ይላል። የንባብ ትምህርት ከዚህ ቢጀምርስ?

በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ፣ ለልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ቢያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የማሞ ቂሎን ተረት በሥዕል አሳተሙ። ማሞ የእናቱን የትናንት ምክር ዛሬ ያለ ቦታው የሚፈጽም ልጅ ነው። መምህሯ ገጹን ሳትገልጥ «አሁን ምን ሊያደርግ ነው?» ብትል፣ ፊደል ያልለየው ልጅ እንኳ ይመልሳል፤ ግምቱ ልክ መሆኑን ለማወቅም ጽሑፉን ይከተላል።

በመተማና በቋራ ቆላ አማርኛም ጉሙዝኛም እየሰሙ የሚያድጉ ልጆች አሉ። የሁለቱም ተረት ክፍል ይግባ እላለሁ። የታተመ መጽሐፍ ባይኖር፣ አያቶች ይተርኩ፤ ልጆች የሰሊጡን ማሳ ጨምረው ይሣሉ፤ መምህሯ ከየሥዕሉ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ትጻፍ። ሉሆቹ በክር ከተሰፉ ለመጪው ዓመት አንደኛ ክፍል መጽሐፍ ተገኘ።