በመዝገብ ያለ፣ በድንኳን የሌለ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የተነሣነው ስለ መዋጮ ለመናገር አይደለም፤ ስለ አቆጣጠራችን ነው።

አንድ አባላችን ከሕንፃ ሥራ ላይ ወድቀው ህብለ ሰረሰራቸው ከተጎዳ ሦስት ዓመት ሆነ። በመዝገባችን ከስማቸው ፊት ለፊት «የተሟላ» ይላል። መዋጯቸውን ባለቤታቸው በየወሩ ያመጣሉ፤ ለቅሶ ሲሆን ልጃቸው ይቆምላቸዋል። መቀጮም የለባቸውም። እኛም ሁሉ ደኅና ነው ብለን ተቀመጥን። ባለፈው ወር ቤታቸው ሄደን ብንጠይቃቸው ግን «ከድንኳን ከገባሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የጎረቤቴን ለቅሶ እንኳ በመስኮት ነው የሰማሁት» አሉን። አፈርን።

ህብለ ሰረሰር ማለት በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚወርድ፣ የአንጎልን ትእዛዝ ለሰውነት የሚያደርስ የነርቭ ገመድ ነው። ሲጎዳ ከጉዳቱ በታች ያለው አካል መንቀሳቀስና መሰማት ያቅተዋል ወይም ይደክማል። ይህን ሐኪም በመርፌ ጫፍና በመዳሰስ ይለካዋል። ሰውየው ከሰው ጋር መኖር አለመኖሩን ግን መርፌ አይለካውም።

ስለዚህ አዋቂዎች ሌላ መለኪያ አበጁ። በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ የሚገኘው የክሬግ ሆስፒታል ተመራማሪዎች በ1992 እ.ኤ.አ. «ቻርት» የሚባል መጠይቅ አወጡ። ጥያቄው ቀላል ነው። በቀን ስንት ሰዓት ከአልጋ ውጭ ይሆናሉ? በሳምንት ስንት ቀን ከቤት ይወጣሉ? በየወሩ ከስንት ወዳጅ ጋር ይገናኛሉ? ለእያንዳንዱ ዘርፍ እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምደባ፣ ሰውን ከኑሮ የሚያስቀረው የአካሉ ጉዳት ብቻ እንዳልሆነ፣ መንገዱም፣ ቤቱም፣ የሰዉ አስተያየትም እንደሆነ አስፍሯል።

እኛም እነዚያን ጥያቄዎች ይዘን ጠየቅናቸው። በሳምንት ስንት ቀን ይወጣሉ? «ሐኪም ቤት ስሄድ ብቻ።» ምን ያስቀርዎታል? «የአዳራሻችሁ ሦስት ደረጃ፤ የቦዩ ክዳን መነሣት፤ ድንኳን ውስጥ ወንበሬን የማቆምበት ቦታ ማጣት።» ጥቂት ዝም ብለው «ከሁሉ የባሰው ግን ና ያለኝ አለመኖሩ ነው። አዘናችሁልኝና አሳረፋችሁኝ» አሉ።

ወገኖቻችን፣ ይኸ ለኛ ነው የተነገረው። ያዘንን መስሎን አገለልናቸው። እኛ ገንዘባቸውን ቆጠርን እንጂ እሳቸውን አልቆጠርንም።

እርግጥ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ብዙ ቀን መውጣት ሁሉ ደስታ አይደለም፤ ቤቱ መቀመጥ የሚወድም አለ። ስለዚህ «መምጣት ይፈልጋሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። እሳቸው «እግሬ እንጂ እጄ ደኅና ነው፤ የስም መጥሪያውን መዝገብ ስጡኝ» ብለዋል።

ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኗል፦

1. በመዝገቡ ላይ «ራሱ መጣ» እና «ሰው ተካ» የሚል ዓምድ ይጨመራል፤
2. በአዳራሹ ደረጃ ጎን ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ዘቅዛቃ የሲሚንቶ መውጫ ይሠራል፤ የቦዩም ክዳን ይመለሳል፤
3. ድንኳን ሲተከል በመግቢያው በኩል የወንበር ቦታ ይተዋል፤
4. ጥሩምባ ነፊው በእሳቸውም ደጅ ቆሞ ይጠራል፤
5. የስም ጥሪው መዝገብ ለእሳቸው ይሰጣል።

በሚመጣው እሑድ ጧት አካፋም ዶማም ያለው ይዞ ይምጣ። የሌለውም ጉልበቱን ይዞ ይምጣ። በሚቀጥለው ስብሰባ ስማችንን የሚጠሩት እሳቸው ናቸውና ማንም እንዳይቀር።



የማኅበሩ ጸሐፊ