የታጠበው ስንዴና የፀጉር ምስክርነት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





እንደሚታወቀው በመድኃኒት የታሸ ዘር ቀለም የሚቀባው ለምግብ እንዳይውል ለማስጠንቀቅ ነው። ቀለሙ ግን መርዙ አይደለም። ይህን ልዩነት አለማወቅ ምን እንደሚያስከትል በ1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1971–72) በኢራቅ ገጠር ታይቷል።

በዚያን ጊዜ ኢራቅ ከ90 ሺህ ቶን በላይ የስንዴና የገብስ ዘር ከውጭ አስገባች። ዘሩ ከፈንገስ በሽታ እንዲጠበቅ በሜቲል ሜርኩሪ የታሸ ነበር፤ ሜርኩሪ በአማርኛ ባዜቃ የሚባለው ነው። ለብዙ ገበሬዎች ዘሩ የደረሳቸው የመዝሪያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። የግብዓት መዘግየት ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም። በከረጢቱ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያም በማያነቡት የውጭ ቋንቋ የተጻፈ ነበር።

ገበሬዎቹ ዝም ብለው አልበሉትም። ቀዩ ቀለም እስኪለቅ አጠቡት፤ አንዳንዶችም ለዶሮ ሰጥተው ጥቂት ቀን ጠበቁ። ዶሮዎቹ ምንም አልሆኑም። ፍተሻው ሞኝነት አልነበረም፣ ጊዜው አጠረ እንጂ፤ የሜቲል ሜርኩሪ ምልክት የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነውና። ዳቦው ከተበላ በኋላ እጅና ከንፈር መደንዘዝ፣ አረማመድ መዛባት፣ ዓይን መጥበብ መጣ። 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ 459 እዚያው ሞቱ። ስለዚህ የተረፈ የታሸ ዘር ያለው አባል ሳያጥብ፣ ለዶሮም ሳይበትን፣ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ይመልስ።

በስንዴው ውስጥ የነበረው ሜርኩሪ በአማካይ በ10 ኩንታል 8 ግራም ገደማ ነው። ይህን ዓይንም ምላስም አይለየውም። ላቦራቶሪ የሚለየው በሜርኩሪ ልዩ ጠባይ ነው፤ ብረት ሆኖ ሳለ በክፍል ሙቀት ይተናል። በናሙናው ላይ ስታነስ ክሎራይድ ሲጨመር ሜርኩሪው ወደ ብረትነት ይመለሳል፤ እንፋሎቱ በአየር ተገፍቶ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ወደሚያልፍበት ቱቦ ይገባል። ብርሃኑ በደከመ መጠን ሜርኩሪው ብዙ ነው ማለት ነው። ላስሎ ማጎስ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት ዘዴ ካድሚየም ክሎራይድ ሲታከልበት ሜቲል ሜርኩሪውም አብሮ ይለካል፤ ከሁለቱ ውጤቶች ልዩነት የሜቲል ሜርኩሪው መጠን ይታወቃል።

ልኬቱ እንዲህ ረቂቅ ሲሆን የናሙና አወሳሰድ ዋናው ሥራ ይሆናል። ተራ ፕላስቲክ ሜርኩሪ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ውኃ በአሲድ በታጠበ ብርጭቆ ተይዞ አሲድ ይጨመርበታል። ፀጉር ደግሞ ከራስ ቆዳ አጠገብ ተቆርጦ በክር ይታሰራል፤ የሥሩ ጫፍ ምልክት ካልተደረገበት የወራቱ ቆጠራ ይገለበጣል።

ፀጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። በኢራቅ የእናቶች ፀጉር በየሳንቲ ሜትሩ ተቆራርጦ ሲለካ ዳቦው መበላት የጀመረበት ወር፣ መጠኑ ጣራ የነካበትና መውረድ የጀመረበት በግልጽ ታየ። በእርግዝና ወቅት ዳቦውን ከበሉት መካከል እነሱ ራሳቸው ቀላል ሕመም ብቻ ያዩ እናቶች ነበሩ። ልጆቻቸው ግን ለመሄድና ለመናገር ዘገዩ። ልጁ በማኅፀን ሳለ በየትኛው ወር ምን ያህል መርዝ እንዳገኘው የተነበበው ከእናቱ ፀጉር ላይ ነው።