የአርባ ቀን ዕድልና የዛሬ ማታው ገጽ



አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ በሞዴል ፈተና ፊዚክስ ወድቃ ወደ ቤት ገባች እንበል። እናቷ "ምነው?" ሲሏት፣ ደብተሯን አልጋ ሥር ወርውራ "ተዪኝ እማዬ፣ ፊዚክስ ላይ መውደቅ የአርባ ቀን ዕድሌ ነው" አለች። የዛሬው ርዕሳችን ከዚህች መልስ ይነሳል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጁሊያን ሮተር እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ለሚደርስበት ነገር ምክንያቱን የት እንደሚፈልግ የሚለካ መጠይቅ አቀረበ። "የሥራዬ ውጤት ነው" የሚለው ውስጣዊ፣ ለዕድል ወይም ለሌሎች የሚሰጠው ደግሞ ውጫዊ የቁጥጥር እምነት ይባላል። አብዛኞቻችን በሁለቱ መካከል ነን።

ይህ እምነት ከጭንቀት ጋር ምን አገናኘው? ፈተና ሲደቀን አእምሯችን "ምን ያህል ያሰጋኛል?" ብሎ ብቻ አያበቃም፤ "ምንስ ላደርግ እችላለሁ?" ይላል። መልሱ "ምንም" ከሆነ ተማሪው ወደ ስልኩ ወይም ወደ እንቅልፍ ይሸሻል፤ ያልተነካው ምዕራፍም ነገ ጭንቀቱን ያባብሰዋል። "ትንሽ ነገር አለ" ካለ ግን ይጀምራል።

ሆኖም "ሁሉም በእጅህ ነው" ማለትም ይጎዳል። በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ ሰነፎች ነበሩ? ጦርነትን፣ የመምህርና የመጽሐፍ እጥረትን ልጅ አይቆጣጠርም። ይህን በራሱ ጥፋት ከቆጠረ ጸጸቱ ሌላ ሸክም ይሆንበታል።

እንግዲህ ዋናው ነገር መለየት ነው። አንድ ወረቀት ለሁለት እጠፉ። በአንዱ በኩል የፈተናውን ክብደት፣ የመግቢያ ነጥቡን፣ የመብራት መጥፋቱን ጻፉ፤ ለእነዚህ የሚረዳው ጸሎት፣ ረጋ ያለ ትንፋሽ፣ ከጓደኛ ጋር ማውራት ነው። በሌላው በኩል የመኝታ ሰዓትን፣ መምህርን መጠየቅን፣ አንድ ምዕራፍ መከለስን አስፍሩ፤ ከእነዚህ አንዱን ዛሬውኑ ጀምሩ።

ወላጆች፣ ልጅ ሳይወስን አድጎ መወሰን አይለምድም። የጥናት ሰዓቱን ራሱ ይምረጥ።

የልጅቷ እናት ደብተሩን ከአልጋ ሥር አውጥተው አቧራውን አራገፉና "የትኛው ገጽ ላይ ነው የጠፋብሽ?" አሏት። ልጅቷ ደብተሩን ተቀብላ መግለጥ ጀመረች።